በቅሎን ትቶ ክሮሞሶምን መጠየቅ፦ የጎመን ዘር ወላጆች እንዴት ታወቁ?

(ለተማሪዎች፣ ለግብርና ባለሙያዎችና ለጓሮ አትክልት ወዳጆች ካቀረብኩት ንግግር የተጻፈ። ጊዜ አጥሮኝ ዘልዬው የነበረውን እዚህ ጨምሬአለሁ። ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

እንደምን ዋላችሁ። እኔ ስናገር ሁለት ሳህን እየዞሩላችሁ ነው። አደራ፣ እንዳትቀላቅሏቸው፤ አንዴ ከተቀላቀሉ መልሼ ለመልቀም ዕድሜዬም ዓይኔም አይበቃኝም። በአንደኛው ሰናፍጭ አለ፣ በሁለተኛው ጎመን ዘር። ሰናፍጩ ደቀቅና ጠቆር ያለው ነው። በጾም አዚፋ ወይም ስልጆ የቀመሰ ሰው አይረሳውም፤ ምላስን አልፎ አፍንጫ ውስጥ የሚገባና እንባ የሚያስመጣ እሱ ነው። ጎመን ዘሩ ትንሽ ፈርጠም ይላል፣ ከቡኒ እስከ ቢጫ ይደርሳል። እናቴ ወቅጣ በጨርቅ ትቋጥረውና እንጀራ ከመጋገሯ በፊት ምጣዷን ታስስበት ነበር። ያን የጋለ ምጣድ ሽታ የምታውቁ ራሳችሁን ስትነቀንቁ አያለሁ። ቅጠሉ ደግሞ በክትፎ አጠገብ የሚቀርበው የሐበሻ ጎመናችን ነው።

ጥያቄዬ ይኼ ነው፦ ሰናፍጭና ጎመን ዘር ምንና ምን ናቸው? እኅትማማች ናቸው? አክስትና የእኅት ልጅ? ወይስ ጎረቤት ብቻ?

በቅሎን «አባትህ ማነው?» ቢሉት «ፈረስ አጎቴ ነው» አለ ይባላል። በቅሎው አልዋሸም፤ የጠየቁትን ትቶ የሚያኮራውን ብቻ ነው የተናገረው። ተክልም በመልኩ ብቻ ከተጠየቀ እንደዚሁ ነው። ቅጠሉን፣ አበባውን፣ የዘር ከረጢቱን ተመልክተን «ይህ የዚያ ዘመድ ነው» ማለት እንችላለን፣ ብዙ ጊዜም ትክክል እንሆናለን። ግን መልክ ያደላል። ሰው የአባቱን አፍንጫ ወርሶ የእናቱን ጠባይ ሊይዝ እንደሚችል ሁሉ፣ ተክልም ከአንዱ ወላጅ ጎልቶ የሚታየውን፣ ከሌላው የተደበቀውን ይወስዳል። ስለዚህ ከመልክ ወደ ውስጥ መግባት ያስፈልጋል፤ ለዚያ ደግሞ ከሁሉ የተሻለው ምስክር ዲቃላው ነው።

«ዲቃላ» ስል አንዳንዶቻችሁ ፈገግ ብላችኋል። ቃሉ ለሰው ሲባል ስድብ ነው፣ ልክም አይደለም። ለበቆሎ ግን የግብርና ሠራተኛው በየቀኑ የሚጠቀምበት ቃል ስለሆነ እኔም በዚያው እቀጥላለሁ።

ወደ በቅሎው ልመለስ። ክሮሞሶም ማለት በሕዋስ ውስጥ ያለ፣ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚወረሰውን መልእክት የሚሸከም ክር ነው። ፈረስ 64 ክሮሞሶም አለው፣ አህያ 62። በቅሎ ግማሽ ግማሹን ወስዶ 63 ይሆናል። ጠንካራ፣ ጤነኛ፣ ከወላጆቹ የማያንስ እንስሳ ነው፤ መውለድ ላይ ግን ይቆማል። ለምን እንደሚቆም ለመረዳት አንድ ነገር ማየት አለብን። ተክልም ሆነ እንስሳ የዘር ሕዋስ ሲያዘጋጅ ክሮሞሶሞቹን እኩል ለሁለት መክፈል አለበት። ከመክፈሉ በፊት ከእናት የመጣው እያንዳንዱ ክሮሞሶም ከአባት የመጣውን አቻውን ፈልጎ ከጎኑ ይቆማል። መጻሕፍቱ ባይቫለንት ይሉታል። እኔ ተማሪዎቼን ሳስተምር «ጥማድ» እለዋለሁ፣ በአንድ ቀንበር ሥር እንደገቡ ሁለት በሬዎች ስለሚመስሉ። ጥማዱ ሲፈታ አንዱ ወዲህ፣ አንዱ ወዲያ ይሄዳል፤ ክፍፍሉ ያለ ሽማግሌ ያልቃል። አቻ ያጣው ክሮሞሶም ዩኒቫለንት ይባላል፤ ነጠላ እንበለው። ነጠላው ቀንበር ስለሌለው አንዳንዴ ወደ አንዱ ጫፍ ይጎተታል፣ አንዳንዴ መሃል ሜዳ ላይ ቀርቶ ይጠፋል። ነጠላ የበዛበት ዲቃላ ብናኙ ባዶ፣ ዘሩ የለም።

በአገራችን ሁለት ወጣቶች ሊጋቡ ሲታሰብ ሽማግሌ ተቀምጦ ዘር ይቆጥራል። እስከ ሰባት ቤት ዝምድና ከተገኘ ጋብቻው ቀረ ማለት ነው። የክሮሞሶሞች ሕግ ተገላቢጦሽ ነው፤ ዘመዱ ካልሆነ አይጣመድም። እንግዲህ ሁለት የተለያዩ ተክሎችን አዳቅለን በዲቃላው ውስጥ ስንት ጥማድ፣ ስንት ነጠላ እንዳለ ብንቆጥር፣ ሽማግሌው የሚቆጥረውን ዘር እኛም ቆጠርን ማለት ነው። ገበሬው «መካን» ብሎ ነቅሎ የሚጥለውን ተክል ሳይንቲስቱ አጎንብሶ የሚያነሳው ለዚህ ነው።

ይህን በመጀመሪያ በግልጽ ያሳየው ስዊድናዊው ኦቶ ሮዘንበርግ ይመስለኛል፣ በ1909። የመረጠው ድሮሴራ የምትባለውን፣ በረግረግ መሬት የምትበቅልና በሚያጣብቅ ቅጠሏ ነፍሳት ይዛ የምትመገብ ትንሽ ተክል ነው። አንደኛዋ ዝርያ 20 ክሮሞሶም አላት፣ ሌላዋ 40። ዲቃላቸው 30 ይሆናል፤ ከነዚህ ውስጥ 10 ጥማድና 10 ነጠላ ተገኙ። የ20ዋ ተክል ድርሻ ሙሉ በሙሉ አቻ አገኘ ማለት ነው። ባለ 40ዋ በሆዷ ውስጥ የባለ 20ዋን ዘመድ ተሸክማ ኖራለች። ብዙ ሰው የማያውቃት ትንሽ አበባ ናት፤ ከዚያ በኋላ የመጣው የስንዴና የጎመን ጥናት ሁሉ ግን በእሷ መንገድ ነው የሄደው።

አሁን ወደ ሳህኖቻችን። የጎመን ቤተሰብ ስድስት ታዋቂ አባላት አሉት። በአበባ ብናኛቸው ውስጥ ያለውን፣ ማለትም የተክሉን ግማሽ፣ የክሮሞሶም ቁጥር ልንገራችሁ፤ ሰናፍጭ 8፣ ጥቅል ጎመን 9፣ የቻይና ጎመንና ተርኒፕ 10። ሦስቱ ሌሎች ደግሞ፤ ጎመን ዘር 17፣ ቡናማው የሕንድ ሰናፍጭ 18፣ ካኖላ ዘይት የሚጨመቅበት ሬፕሲድ 19። ነጋዴ ልጅ ከሆናችሁ አይታችኋታል፤ 8 እና 9 ሲደመር 17፣ 8 እና 10 ሲደመር 18፣ 9 እና 10 ሲደመር 19።

ቁጥር ግን ብቻውን ፍርድ ቤት አይቀርብም። ኪሴ ውስጥ 17 ብር ስለተገኘ 8ቱን ከእናቴ፣ 9ኙን ከአክስቴ ተቀብያለሁ ማለት አይደለም። 18 ራሱ 8 እና 10 ሊሆን ይችላል፣ ጥቅል ጎመን ራሱን አጥፎ 9 እና 9 ሊሆንም ይችላል። ምስክር ያስፈልጋል። ከ1920ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ጃፓናዊው ቶሺታሮ ሞሪናጋ እነዚህን ተክሎች እርስ በርስ እያዳቀለ በዲቃላዎቹ ውስጥ ጥማድና ነጠላ መቁጠር ያዘ።

ጎመን ዘር ከሰናፍጭ ጋር ሲዳቀል የሚሆነውን እንይ። ዲቃላው ከጎመን ዘር 17፣ ከሰናፍጭ 8፣ በድምሩ 25 ክሮሞሶም ይይዛል። በማይክሮስኮፕ ሲታይ 8 ጥማድና 9 ነጠላ ይገኛል። የሰናፍጭ 8 ክሮሞሶሞች ሁሉም አቻ አገኙ ማለት ነው። በጎመን ዘር ቤት ውስጥ ሰናፍጭ አለ! ቀሪዎቹ 9 ነጠላዎች የማን ናቸው? ይህን ለማወቅ ጎመን ዘርን ከጥቅል ጎመን ጋር ማዳቀል ነው። አሁን 17 እና 9፣ 26 ይሆናል። 9 ጥማድና 8 ነጠላ። የቀሩት ዘጠኞቹም ዘመዳቸው ተገኘ፣ ሒሳቡ ተዘጋ።

እዚህ ላይ የራሴን ውርደት ልንገራችሁ። ተማሪ ሳለሁ ይህንኑ ማዳቀል ደግሜ እንድሠራ ተሰጠኝ። ሥራው ከውጭ ሲያዩት ቀላል ነው። ጠዋት ወጥተህ ከሩዝ ፍሬ የማይበልጥ እምቡጥ ትለቅማለህ፣ በአልኮልና በአሴቲክ አሲድ ድብልቅ ትነክረዋለህ። ኋላ እምቡጡን በመርፌ ከፍተህ ከስድስቱ የብናኝ ከረጢቶች አንዷን ብቻ ታወጣለህ፣ በቀይ ቀለም ጠብታ ላይ ትጨፈልቃታለህ፣ ስስ መስታወት ትከድንባታለህ፣ በእሳት ላይ ለቅጽበት ታሳልፋታለህ፣ ከዚያ በወረቀት ሸፍነህ በአውራ ጣትህ ትጫናለህ። መስታወቱ ከተንሸራተተ ሁሉም ነገር ገንፎ ይሆናል። እምቡጡ ትንሽ ካለፈበት ብናኙ አልቋል፣ ትንሽ ካነሰ ገና አልተጀመረም። የጎመን ቤተሰብ ክሮሞሶም ደግሞ እንደ ሽንኩርት ትልልቅ አይደለም፤ የተበተነ የጤፍ ፍሬ ነው የሚመስለው። ከሃምሳ እምቡጥ አንድ ጥሩ ሕዋስ ካገኘሁ በዚያ ቀን ሻይ በራሴ ገንዘብ እጋብዝ ነበር።

ከሰናፍጭ ጋር ካዳቀልኩት ማሰሮ ቆጥሬ 9 ጥማድና 8 ነጠላ አገኘሁ። ደገምኩ፤ ያው። 8 ጥማድ መሆን ሲገባው 9! ሁለት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ የለኝም፤ በልቤ ዓለም ያላወቀውን አዲስ ነገር እየጻፍኩ ነው። በመጨረሻ መምህሬ ማሰሮውን አንስተው አገላበጡና የሥሩን ምልክት አነበቡልኝ። የጥቅል ጎመኑ ማሰሮ ነበር፤ ውኃ ሳጠጣ ራሴ አቀያይሬዋለሁ። የሁለቱ ውጤት እንዴት መስታወት ላይ እንደተገለበጠ እዩት፤ አንዱ 8 ጥማድ 9 ነጠላ፣ ሌላው 9 ጥማድ 8 ነጠላ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማሰሮ ላይ ብቻ ሳይሆን በማሰሮ ውስጥም ምልክት እቀብራለሁ።

እነዚህን ሁሉ ቁጥሮች በአንድ ሥዕል ያሰረው በጃፓን ተወልዶ ያደገው ዎ ጃንግ-ቹን ነው፣ በጃፓንኛ ኡ ናጋሃሩ ይባላል። በ1935 ባሳተመው ጽሑፍ ሦስቱን ወላጆች በሦስት ማዕዘን ጫፎች ላይ፣ ሦስቱን ልጆች በጎኖቹ ላይ አስቀመጠ። የኡ ሦስት ማዕዘን ይሉታል። የእያንዳንዱ ወላጅ ሙሉ የክሮሞሶም ስብስብ ጂኖም ይባላል፤ የሰናፍጭ ቢ ጂኖም ተባለ፣ የጥቅል ጎመን ሲ፣ የቻይና ጎመን ኤ። ጎመን ዘራችን በሰናፍጭና በጥቅል ጎመን መካከል ባለው ጎን ላይ ቢ እና ሲን ይዞ ተቀመጠ። ዎ በመሳል ብቻ አላበቃም፤ ሬፕሲድን ከሁለቱ ወላጆቹ በእጁ አዳቅሎ እንደገና ፈጠረው። ተፈጥሮ ሠራችው ያልከውን አንተም ሠርተህ ካሳየህ ተከራካሪ አይገኝም።

ግን ዲቃላ መካን ነው ብለናል፤ ታዲያ ጎመን ዘር እንዴት ሞልቶ ይዘራል? መልሱ እጥፍ መሆኑ ነው። የመጀመሪያው ዲቃላ 8 የሰናፍጭና 9 የጥቅል ጎመን ክሮሞሶም ብቻ ነበረው፤ አቻ የላቸውም፣ መካን። አልፎ አልፎ ግን ሕዋስ መከፈሉን ይረሳና ክሮሞሶሙ እጥፍ ሆኖ ይቀራል። ያኔ 17ቱ 34 ይሆናሉ፣ እያንዳንዱም የራሱን ግልባጭ አቻ አድርጎ ይጣመዳል። በአንድ ጊዜ ከመካን ዲቃላ ፍሬያማ አዲስ ዝርያ ተወለደ። ሩሲያዊው ጆርጂ ካርፔቼንኮ በ1920ዎቹ ፍጅልን ከጥቅል ጎመን አዳቅሎ ይህን በዓይን አሳይቷል። ሁለቱም 9 ስለሆኑ ዲቃላው 18 ክሮሞሶም ነበረው፣ መካን ሊባል ጥቂት የቀረው። ከጥቂት ዘሮቹ ግን 36 ክሮሞሶም ያለው ፍሬያማ ተክል ወጣ። ተስፋው የፍጅል ሥርና የጎመን ቅጠል ነበር ይባላል፤ የወጣው ሥሩም የማይረባ፣ ቅጠሉም የማይጠቀለል ነው። ካርፔቼንኮ በ1941 በስታሊን ዘመን ተረሸነ። የሚሠራበትን ተቋም ይመራ የነበረው ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1927 አገራችን መጥቶ የስንዴና የገብስ ዘር የሰበሰበው ሰው ነው፤ እሱም እስር ቤት ነው የሞተው።

የዎ ሕይወት ራሱ ታሪክ ነው። አባቱ ኮሪያዊ ስደተኛ መኮንን ነበር፣ በ1903 ጃፓን ውስጥ ተገደለ። እናቱ ጃፓናዊት ናት። አንዳንድ ጸሐፊዎች «ሁለት ሕዝብ የቀላቀለው ሰው የተክል ዲቃላን ቢያጠና አይገርምም» ይላሉ። እኔ ይህን አባባል አልወደውም፤ ሰው ሠርቶ ያገኘውን ለደሙ መስጠት ነው። በ1950 ወደ ኮሪያ ሄዶ እስከ ሞተበት 1959 ድረስ ከጦርነቱ በኋላ ዘር ያጣውን ገበሬ ዘር ሲያስገኝ ቆየ። እዚያ ሕዝቡ «ዘር አልባ ሐብሐብን የፈጠረ» እያለ ያስታውሰዋል፣ ይህ ግን ስህተት ነው። ሐብሐቡ የጃፓናዊው ሂቶሺ ኪሃራ ነው፣ ዎ ለሕዝብ ለማሳየት ብቻ ነው ያበቀለው። በነገራችን ላይ ያ ሐብሐብ የዛሬው ርዕሳችን ነው። 44 ክሮሞሶም ያለው ከ22ቱ ጋር ተዳቅሎ 33 ሆነ፤ አከፋፈሉ ተበላሸበት፣ ዘርም አልሠራም። ዱባይም አሜሪካም ያላችሁ ዘመዶቻችን ከሱፐርማርኬት ገዝታችሁ የምትበሉት መካንነቱን ነው።

ኪሃራ በስንዴ ላይ የሠራው ደግሞ ለእኛ ቅርብ ነው። የማካሮኒ ስንዴ 28 ክሮሞሶም አለው፣ የዳቦ ስንዴ 42። ዲቃላቸው 35 ይሆናል፣ 14 ጥማድና 7 ነጠላ። የማካሮኒ ስንዴው ሙሉ በሙሉ በዳቦ ስንዴው ውስጥ አለ፣ 7ቱ ነጠላዎች ግን ከሌላ ወላጅ የመጡ እንግዶች ናቸው። ያ ወላጅ በካስፒያን ባሕር አካባቢ እንደ አረም የሚበቅል የዱር ሣር መሆኑን ኪሃራ በ1944 አሳወቀ። በዚያው ዓመት፣ በጦርነት ምክንያት አንዱ የሌላውን ሥራ ሳይሰማ፣ ማክፋደንና ሲርስ አሜሪካ ውስጥ እዚያው መልስ ላይ ደረሱ።

እስካሁን ሁሉም ነገር ቀና ይመስላል። አይደለም፤ አሁን የምናገረውን ካልሰማችሁ የቀደመውን ባትሰሙት ይሻል ነበር። በ1958 እንግሊዝና አሜሪካ ውስጥ የሚሠሩ ተመራማሪዎች የስንዴን አንድ ክሮሞሶም፣ 5ቢ የሚባለውን፣ ነጥለው ሲያወጡ ቀድሞ የማይተያዩ ክሮሞሶሞች መጣመድ ጀመሩ። እዚያ ላይ «የቅርብ ዘመድህን ብቻ ያዝ» እያለ የሚቆጣጠር ጂን ኖሯል። ሽማግሌው እሱ ነበር ማለት ነው፤ ሽማግሌው ሲነሳ የሩቅ ዘመዶችም ተጋቡ። ስለዚህ በዲቃላ ውስጥ ጥማድ አለመታየቱ ዝምድና የለም ማለት ላይሆን ይችላል፤ የሚከለክል ጂን ኖሮ ሊሆን ይችላል። ተቃራኒውም አለ። የቻይና ጎመንን ከጥቅል ጎመን ብታዳቅሉ፣ ኤ እና ሲ የተለያዩ ጂኖሞች ሆነው ሳለ ብዙ ጥማድ ታያላችሁ፤ ሁለቱ ከሰናፍጭ ይልቅ እርስ በርስ ስለሚቀራረቡ ነው። እኔ ተማሪ ሳለሁ ጥማድ ቆጥሮ የዝምድና ሰንጠረዥ መሥራት እንደ ወንጌል ይታይ ነበር። አሁን እንደ ጥሩ ምስክር እቆጥረዋለሁ፣ እንደ ዳኛ ግን አይደለም።

የዘመኑ የዲኤንኤ ንባብ መጥቶ ሦስት ማዕዘኑን ባያጸናው ኖሮ ዛሬ ሳህን ይዤ አልመጣም ነበር። የጎመን ዘር ጂኖም ሙሉ ንባብ በ2021 ወጥቷል፣ ቢ እና ሲ በየቦታቸው አሉ። ክሮሞሶም ሊመልሰው ያልቻለውን ጥያቄ ግን የመለሰው ሌላ ነው፦ ማን እናት፣ ማን አባት? ቅጠል አረንጓዴ የሚሆንበት ክሎሮፕላስት የራሱ ትንሽ ዲኤንኤ አለው፣ እሱም በዚህ ቤተሰብ በእናት በኩል ይወረሳል። በ1983 የታተመ ጥናት የጎመን ዘር ክሎሮፕላስት የሰናፍጭ መሆኑን አሳየ። እናቲቱ ሰናፍጭ ናት። በቅሎን ከጠየቅነው ጥያቄ ግማሹ እዚህ ተመለሰ።

ቡናን ሳላነሳ ብወርድ አትለቁኝም፣ ስለዚህ በአጭሩ። አረቢካ 44 ክሮሞሶም አለው፣ ሌሎቹ የቡና ዝርያዎች 22። እሱም ዲቃላ ነው፤ ሮቡስታ የሚወጣበት ዝርያና ዩጂኒዮይደስ የሚባል የምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ቡና ወልደውታል። ጤፍም 40 ክሮሞሶም አለው፤ ስለ ወላጆቹ ለመናገር ሌላ ቅዳሜ ያስፈልገኛል።

ከጥያቄዎቹ አንዱን ብቻ እዚህ አሰፍራለሁ። ከአርሲ የመጡ አባት «ሰናፍጭና ጎመን ዘር ጎን ለጎን ብዘራ ይበላሽብኛል ወይ?» አሉኝ። አልኳቸው፤ አባቴ፣ ጎመን ዘር በአብዛኛው ራሱን በራሱ ያዳቅላል፣ ሰናፍጭ ግን ንብ ካልመጣለት አይሆንለትም። ስለዚህ ብዙ አይቀላቀሉም። ቢቀላቀሉም 25 ክሮሞሶም ያለው ዲቃላ ዘር እምብዛም አይሰጥዎትም፣ ስለዚህ አይበዛብዎትም። የዱር ጎመን ዘር እስከ ዛሬ የትም አልተገኘምና ያ የመጀመሪያው ዲቃላ በሰው ማሳ ዳር፣ ምናልባትም በእኛው ደጋ፣ ሳይወለድ አይቀርም የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ እኔም ከነሱ ጋር ነኝ። ስለዚህ በማሳዎ ውስጥ ከሌሎቹ ረዝሞ፣ አበባው በዝቶ፣ ከረጢቱ ግን ባዶ የሆነ አንድ ተክል ካዩ አይንቀሉት። ጠዋት ትንንሾቹን እምቡጦች ለቅመው በአልኮል ይንከሩልኝ፣ ማሳውንና ቀኑንም ጽፈው ይላኩልኝ። ምልክቱን ደግሞ ከጠርሙሱ ውጭ ብቻ ሳይሆን ውስጥም ይክተቱልኝ፣ በእርሳስ የተጻፈ ይሁን፤ እስክሪብቶ በአልኮል ይለቃል።